መድኃኒቱ የወል ነው

ሌሊቱ ተጋምሷል። ከጉና ግርጌ ካለ አንድ ቀበሌ በቃሬዛ ወርዳ፣ አስፋልቱ ላይ መኪና ተለምኖላት፣ አንዲት እናት ደብረ ታቦር ድንገተኛ ክፍል ትገባለች። ጋቢ በጋቢ ተደርቦላት ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግንባሯ ግን እሳት ነው። ሽንጧን ይዛ ታቃስታለች። ሲስተሯ የደም ግፊቷን ለክታ ወደ ሐኪሙ ትዞራለች፤ ወርዷል። «መቼ ጀመራት?» «ሽንት ካቃጠላት ሁለት ሳምንት ይሆናል» ይላል ባሏ። «ምን ወሰደች?» እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ይሰድና አራት ፍሬ የቀረው የክኒን እሽግ ያወጣል። «ይኸን ነው። አምና እኔን ወገቤን ሲያመኝ ተሰጥቶኝ የተረፈ ነበር።»

ለዚህች እናት ስም አልሰጣትም። አንድ ሰው አይደለችምና፤ ከብዙ ሌሊቶች ተለቃቅማ የቆመች ናት። ድንገተኛ ክፍል የሠራ፣ ወይም እናቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ያደረ ሰው ግን ያውቃታል።

ኢንፌክሽኑ ከሽንት ፊኛዋ ወደ ኩላሊቷ ወጥቷል፤ ወደ ደሟም ሳይገባ አልቀረም። ሕመሙ እዚህ ደርሶ የደም ግፊት ከወረደ፣ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መሰጠት እንዳለበት የሕክምና መመሪያዎች ያዛሉ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚናገረው ምርመራ ደግሞ ካልቸር ነው። ሽንቱ ለጀርሙ ምግብ በተዘጋጀለት ሳህን ላይ ይዘራል፤ ጀርሙ እስኪበቅል ይጠበቃል፤ ከዚያ የበቀለው በሌላ ሳህን ላይ ዳግም ተዘርቶ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩበትና ጀርሙ በየትኛው ዙሪያ መብቀል እንዳቃተው ይታያል። ይህ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እናትየዋ ያላት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ይገምታል። በዕውቀት ይገምታል፤ ቢሆንም ግምት ነው።

ግምቱ የሚሳካለት መድኃኒቱ ገና ኃይል ካለው ነው። ያን ኃይል የምናጠፋውም የምንጠብቀውም ደግሞ ከድንገተኛ ክፍሉ ውጭ ያለን ሰዎች ነን፤ በየቤታችን፣ በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየክሊኒኩና በየበረቱ። የደብረ ታቦር፣ የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእብናት፣ የደራ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወገኖቼ፣ ይህን ጥሪ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ገበሬዎች ነገሩን ከብዙዎቻችን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ገብስ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ አረም ስትረጩ ቅጠለ ሰፊው አረም ይጠወልጋል፤ ሲናሩ ግን ቀና ብሎ ይቀራል። ያ መድኃኒት ሲናርን አይነካውም። እንዲያውም ተሻሚዎቹ ሲሞቱለት ቦታ ይሰፋለታል፣ ገብሱን መስሎ ያድጋል፣ ከገብሱ ቀድሞ ዘሩን ያረግፋል። ዓመት በዓመት ያንኑ ብቻ የረጨ ማሳው የሲናር ይሆንበታል። የረገፈው ዘርም ድንበር አያውቅም፤ በጎርፍ ተወስዶ፣ ከዘር እህል ጋር ተደባልቆ ጎረቤት ማሳ ይገባል።

ጀርምም እንዲሁ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አንጀታችን ውስጥ ሲኖር አብዛኛው ዓይነቱ አይጎዳንም፤ ሽንት መንገድ ሲገባ ነው የሚያሳምመን። ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋም አንድ ከተገኘ፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ገድሎ ማሳውን ያጸዳለታል። ከሲናር የሚከፋበት ነገርም አለው። ሲናር ለእንክርዳድ ምሥጢሩን አያካፍልም፤ ባክቴሪያ ግን መድኃኒት የሚያከሽፍበትን ብልሃት ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላል።

«መድኃኒቱን ሰውነቴ ተላመደው» ስንል እንግዲህ ተሳስተናል። የተላመደው ጀርሙ ነው። ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጣጣው ከአንድ ሰው ባላለፈ። ጀርም በመሆኑ ግን ከሚስት ወደ ባል፣ ከአስታማሚ እጅ ወደ ሌላ በሽተኛ፣ ከአንድ አልጋ ወደ ጎን አልጋ ይሻገራል። የደም ግፊት ክኒኔን ባልወስድ የምጎዳው እኔ ነኝ። ባክቴሪያ የሚገድለውን መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክን፣ በከንቱ ብውጥ ግን የማላውቃት እናት ሌሊት ላይ ትከፍልልኛለች። የአንቲባዮቲክ ኃይል እንደ ወል ግጦሽ ነው። ማንም ከብቱን ያሰማራበታል፤ ጠባቂ ከሌለው ግን ለማንም ሳይሆን ያልቃል። ደገኛ ደግሞ ክልል ሣር መጠበቅን ያውቅበታል። ቀን ይቆርጣል፣ ዘብ ያቆማል፣ ሰርቆ ያስገባውን ይቀጣል።

አደጋው ተነግሮን ነበር። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ሰው መድኃኒቱን በየሱቁ እየገዛ ከመጠን በታች ከወሰደው ጀርሙ እንደሚለምደው አስጠንቅቋል። ዛሬ ውጤቱ በአኃዝ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ፣ ከ4.95 ሚሊዮን ሞት ጀርባም እጃቸው እንዳለበት አጥኚዎች ገምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በላብራቶሪ ከተረጋገጡ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች በዓለም ከስድስቱ አንዱ፣ በአፍሪካ ከአምስቱ አንዱ መድኃኒት የተላመደ ነው። በሆስፒታሎቻችን እጅግ የተለመደው ሴፍትሪያክሶን የሚመደብበት የመድኃኒት ወገን ደግሞ፣ ደም ውስጥ በገባ ኢ. ኮላይ ላይ በአፍሪካ ከመቶ 70 በላይ መክሸፉን ይኸው ሪፖርት ይናገራል። በጎንደርና በባሕር ዳር በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ባክትሪምና ቴትራሳይክሊን የተባሉት የድሮ ባለውለታዎቻችን እየደከሙ መምጣታቸውን ደጋግመው አሳይተዋል።

እዚህ እንዴት ደረስን? ከቤት ልጀምር። ሴት ሽንቷ ሲያቃጥላት «ብርድ ነው» ትባላለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው ይሏታል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይሞከራል። ቃጠሎው ሲብስ ጎረቤት «እኔን እንዲህ አድርጎኝ ሲፕሮ ነው ያዳነኝ» ብላ ትመክራለች። ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ተገዝቶ ሁለት ሦስት ቀን ይዋጥና ሕመሙ ጋብ ሲል የቀረው በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ ለሚታመመው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ቁጠባ ነው። እህል ከቡቃያው እስከ ገለባው የማይባክንበት ቤት መድኃኒት አይጥልም። ሆኖም ለዘር የሚሆነው ቁጠባ ለአንቲባዮቲክ አይሆንም። ለአባት ወገብ የታዘዘው የእናትን ኩላሊት የያዘውን ጀርም ላያውቀው ይችላል፤ አራት ፍሬ ደግሞ ለማንም ሕክምና አይሆንም።

ቤት ብቻውን አይወቀስም። ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው በእጁ ያለችውን ብር ቆጥሮ የሚበቃውን ያህል ፍሬ ይገዛል። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው በሽተኛም፣ ወረፋው እስከ በረንዳ ሞልቶበት በጥርጣሬ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያም አለ። መንገድ በተዘጋበትና አምቡላንስ ባልተንቀሳቀሰበት ሰሞን ደግሞ በቅርብ የተገኘውን መዋጥ ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ ጥሪዬ አንድን ወገን ለመክሰስ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ለመስጠት ነው።

መጀመሪያ ለቤተሰብ። ሽንት ሲያቃጥል፣ ሲያጣድፍ፣ ሲደፈርስ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንጥ ሕመም ወይም ማስመለስ ከተጨመረ ማደር አይገባም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ሽንት የተዘጋበት ሰው፣ በድንገት የሚቀባጥር አረጋዊም አይጠብቁም። ነፍሰ ጡር እናት ምንም ሳይሰማት እንኳ በክትትሏ ጊዜ ሽንቷን ትመርመር፤ ችላ የተባለ ኢንፌክሽን ኩላሊት ሊደርስና ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። የታዘዘው መድኃኒት ሳይቀነስ፣ ሳይጨመር፣ ለሌላ ሳይሰጥ በሰዓቱ ይወሰድ። በሦስተኛው ቀን ካልተሻለ መድኃኒት ቤት ሄዶ «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ከማለት ወደ መረመረው ሐኪም መመለስ ይሻላል። ፀበል የሚጠመቅም ከክኒኑ ጋር አያጣላው፤ የንስሐ አባቶችም ይህን ብትነግሩልን ከሐኪም ምክር በላይ ይሰማል።

ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ ሽንት አሰጣጥ። ብልቃጧ በእጅ ተሰጥታ «ሽንት አምጪ» ሲባል አብዛኛው ሰው ያገኘውን ሞልቶ ይመለሳል። እጅንና ብልትን በውኃ ታጥቦ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ለቆ፣ መካከለኛውን በንጹሕ ብልቃጥ መቀበል፣ የክዳኑን ውስጥ አለመንካት፣ ወዲያው ለላብራቶሪ ማድረስ ነው። ለካልቸር የሚሆን ሽንት ማቀዝቀዣ ካልገባ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ጀርሙ ብልቃጡ ውስጥ ይራባና የሌለ በሽታ ይነገራል። የሌለ በሽታ ሲነገር ያላስፈለገ መድኃኒት ይዋጣል። ብልቃጧን የምትሰጡ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ የመታጠቢያ ውኃ መኖሩንም አይታችሁ አስረዱ።

ውኃን ካነሣሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቶችና ወደ ወረዳ አስተዳደሮች ልዙር። ገበያ የወጣች ሴት ማለዳ ከቤቷ እንደወጣች አመሻሽ እስክትመለስ ሽንቷን ቋጥራ የምትውልበት ቦታ ብዙ ነው። መጸዳጃ ማጣቷ ውኃ እንዳትጠጣም ያደርጋታል። ሽንት መቋጠርና ውኃ አለመጠጣት ለጀርሙ ምቹ ናቸው። ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ፣ መንገደኞች በየመናኸሪያው ይህንኑ ያያሉ። ቁልፍ ያለው፣ ውኃ ያለው፣ ሴት ሳትፈራ የምትገባበት መጸዳጃ ስትሠሩ አንቲባዮቲክ እየቆጠባችሁ ነው። ያልያዘን ኢንፌክሽን መድኃኒት አይፈልግምና።

በመድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የክልል ሣሩ ዘቦች እናንተ ናችሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ግን ጎረቤት ነው፤ «አንተ ደግሞ አታውቀኝም?» ይላል። እናንተ ብትመልሱት ማዶ ያለው ይሸጥለታል ብላችሁ ትሠጋላችሁ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው በአንድነት መቆም ነው። የከተማው መድኃኒት ቤቶች ተሰብስባችሁ በአንድ ቃል ተማማሉ፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የለም፣ በፍሬ መሸንሸንም የለም። ደንበኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ ያንኑ መልስ ካገኘ እግሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞራል። ወደዚያ መሄድን ያቀለለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም በአገራችን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛው ፎገራ ነበረች። መድህኑ የሚሠራው ግን መደርደሪያው ላይ መድኃኒት ሲኖር ነው፤ የአቅርቦት ኃላፊዎች፣ ይህች ድርሻ የእናንተ ናት።

ለሐኪሞች፣ ለጤና መኮንኖችና ለነርሶች የምለው በአክብሮት ነው፤ ድካማችሁን አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ለተለመደ ሕመም በቅርብ የሚሰጡ፣ ሁለተኞቹ በጥንቃቄ የሚያዙ፣ ሦስተኞቹ ለክፉ ቀን የሚቆዩ ናቸው። ሴፍትሪያክሶን የሁለተኛው መደብ ነው፤ ሆኖም ለትኩሳቱም፣ ለሳሉም፣ ለወገቡም እርሱ ሆኗል። የፊኛ ኢንፌክሽን ብቻ ያለባት ሴት እንደ ናይትሮፉራንቶይን ባለ የቆየ ክኒን ልትድን ትችላለች፤ ኩላሊት የደረሰውን ግን እሱ አያክመውም፤ ልዩነቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋፋት የተሠራበት አገር ሰዎች ነን፤ ያ መድፍ ለዘወትር ጥበቃ አልተሠራም። ትልቁ መድኃኒትም ለትልቁ ቀን ይቆይልን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሕክምናው ሳይዘገይ፣ ለካልቸር የሚሆን ናሙና ይወሰድ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ይነበብ፤ ሰፊው መድኃኒት በጠባቡ ይተካ።

ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦም አለ። ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት የተዘጋበት አባት ሲመጣ ቱቦው ሕይወቱን ያተርፋል። ነገር ግን ካቴተር በገባ በየቀኑ ከመቶ ሰዎች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል። ጠዋት ጠዋት በዙር ጊዜ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። አስታማሚዎችም የሽንት ከረጢቱን ከአልጋው በታች አድርጉት፤ መሬት ግን አይንካ፤ ነክታችሁት እጃችሁን ሳትታጠቡ የጎረቤት በሽተኛ አትደግፉ።

ሆስፒታሎቻችን፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አንድ ነገር በጋራ ቢሠሩልን ታሪክ ነው። በዓመት አንዴ፣ በአንድ ገጽ፣ «በአካባቢያችን ሽንት ውስጥ የተገኙት ጀርሞች እነዚህ ናቸው፤ የሚሠራባቸው መድኃኒት ይኸኛው፣ የከሸፈው ያኛው ነው» የሚል ሰንጠረዥ ይውጣ፤ በየድንገተኛ ክፍሉና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ይለጠፍ። ኢንስቲትዩቱ ያለበት ባሕር ዳር ከደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ናሙና በማለዳ መኪና በበረዶ ሣጥን ሊደርስ የሚችልበት ርቀት። ያ ገጽ ካለ የሌሊቱ ሐኪም ግምት በሰፈሩ ማስረጃ ይደገፋል።

ከብት አርቢዎች ደግሞ አትቅሩብኝ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከገበያ ገዝቶ በሬው በደከመ ቁጥር መውጋት፣ ለጤነኛ ዶሮ ከውኃ ጋር መበጥበጥ ያንኑ ሲናር መዝራት ነው። የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። የተወጋች ላም ወተትም ሐኪሙ የተናገረው ቀን እስኪያልፍ ለቤትም ለገበያም አይቅረብ።

ይህ ሁሉ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ለትራኮማ አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ሲታደል አይተነዋል። ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ቁመቱ በእንጨት መለኪያ ተለክቶ፣ በመጠኑ የተሰጠውን ዕደላው ቦታ ላይ ዋጠ። አንቲባዮቲክን በልክና በሥርዓት፣ እንደ ማኅበረሰብ፣ መውሰድ ያኔ ተችሏል። አሁን የጎደለን ያችን የመለኪያ እንጨት ወደየቤታችን ማስገባት ነው።

ቀን እንቁረጥ። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንት በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 እዚያው ሳምንት ውስጥ ናት፤ ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር የሚታጠንባት ቀን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አገር ከፈጀ ወዲህ ሰው በዚህች ዕለት ደጁን እየጠረገ፣ ጥራጊውን እያቃጠለ ኖሯል። ማንም ብቻውን ያን በሽታ ሊመልስ እንደማይችል ስላወቀ ነው ሁሉም በአንድ ቀን የሚያጥነው።

መጪው ኅዳር 12 ላይ ደጃችንን ስንጠርግ ሣጥኖቻችንንም እንፈትሽ። ከጨርቁ ቋጠሮ፣ ከኮቱ ኪስ፣ ከግድግዳው ቀዳዳ ትርፍ አንቲባዮቲክ ይውጣ። ወደ ጢሱ ግን አይጣል፤ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዝም አይበተን፤ እነዚህ ወንዞች ጣና ይገባሉ። ጤና ጣቢያዎችና መድኃኒት ቤቶች በር ላይ የሚቆለፍ የመመለሻ ሣጥን አስቀምጡ፤ እድሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ላይ ሲስተሯ «ምን ወሰደች?» ብላ ስትጠይቅ፣ ባልየው ኪሱን ዳብሶ ባዶ እጁን ያውጣ። «ምንም አልወሰደችም፤ እንዳመማት አመጣኋት» ይበል። ለሐኪሙ ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ የለም።